የጥጉ ካቢኔት በሮችና ክቡር ወንድሜ

በየቤተሰቡ ባለሙያ የማያስጠራ አንድ ሰው አለ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የምጽፍበት ጋዜጣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንዷ አማቷን ጠቆመችኝ፣ ሌላው አጎቱን፣ አንዱ ደግሞ ትንሽ ካመነታ በኋላ ራሱን። እነዚህ ሰዎች ቧንቧ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወይም በር ሲንቋቋ ድንገት ዓይናቸው ይበራል። እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፣ ጎንበስ ብለው ያያሉ፣ በአፍንጫቸው ይተነፍሳሉ። ቀጥሎ በዓለም ላይ ያለውን አናጺና ቧንቧ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ፈት የምታደርገውን ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፦ «ለዚች ለዚች ሰው ይጠራል እንዴ?»

ለእኛ ቤት የደረሰን ታላቅ ወንድሜ ነው። ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ። በሌለበት ግን እኔና ታላቅ እህታችን «ክቡር ባለሙያ» ነው የምንለው። ክቡርነታቸው ፋርማሲስት ናቸው። ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ቀኑን ሙሉ ክኒን ሲቆጥሩና ሽሮፕ ሲለኩ ይውላሉ። መድኃኒት ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ያለ ሐኪም ትእዛዝ ራስን ማከም ለከፋ ጉዳት ይዳርጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። የጻፈው ራሱ ወንድሜ ነው። «ጎረቤቴ ይሄን ውጦ ተሽሎታል» ብሎ የመጣ ደንበኛ ካጋጠመው ያ ሰው ቁጣ ጠጥቶ ነው የሚመለሰው። «ባለሙያ እያለ እንዴት በገዛ ጤናህ ትቀልዳለህ!» ይለዋል። ከዚያ ጋዋኑን ሰቅሎ ወደ እናታችን ቤት ይመጣና የመብራት ቆጣሪውን ሳጥን ይከፍታል።

የእናታችን ቤት እንግዲህ የክቡርነታቸው ሥራዎች ቋሚ ኤግዚቢሽን ነው። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ቀዝቃዛውን ሲከፍቱት ሙቁን ይለቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ገና ከበር እንነግረዋለን። ሳሎን ውስጥ «ተጠግኗል» የሚባል ወንበር አለ። ከተጠገነ ጀምሮ ሰው ተቀምጦበት ስለማያውቅ ጥገናው እስከ ዛሬ እንደተከበረ ነው። የደጁ መጥሪያ ሲጫኑት ዝም ይላል፤ ጎረቤት ፍሪጁን ሲከፍት ግን ይጮኻል። እናታችን መጥሪያው በጮኸ ቁጥር «ምስኪን፣ ደግሞ ራበው» ትላለች። አጎታችን ሊጠይቀን መጥቶ ያደረ ጊዜማ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ቁልፍ በእንግዳው ክፍል ተገጥሞ ጠበቀው። ሰውየው እስከ ረፋዱ ድረስ ተቆልፎበት ሲለፈልፍ፣ ክቡርነታቸው በቁልፉ ቀዳዳ አፋቸውን አስጠግተው «አይዞህ፣ ቁልፉ ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ሌባ አይደፍረውም» ብለው አጽናኑት።

እኔ የመጨረሻ ልጅ ነኝ። በዚህ ቤት ልማድ የመጨረሻ ልጅ ማለት የምትይዝ ማለት ነው። «አንዴ ያዢልኝማ» ይላል ወንድሜ፤ እይዛለሁ። መሰላል ይዤ አድጌያለሁ። ሽቦ ይዤ፣ ባትሪ መብራት ይዤ፣ የሳንቃ ጫፍ ይዤ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በአንድ እጄ መጽሐፍ፣ በሌላው የቴሌቪዥን አንቴና ይዤ ጣሪያ ላይ ነበርኩ። «አንዴ» የሚላት ነገር በክቡርነታቸው የጊዜ አቆጣጠር ከአርባ ደቂቃ እስከ ግማሽ ቀን ትደርሳለች።

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስቀውን ነው። የጥጉ ካቢኔት ግን አላሳቀንም።

የእናታችን ኩሽና በሁለት ግድግዳ የተዘረጋ ነው። ሁለቱ የካቢኔት ረድፎች በሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ከታች በኩል፣ ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡበት ጥልቅ ካቢኔት አለ። ሁለት በሮች አሉት፤ አንዱ በዚህኛው ረድፍ፣ ሌላው በዚያኛው፣ ጥጉ ላይ ይገናኛሉ። ካቢኔቱ የተሠራበት ቺፑድ፣ ያ ከእንጨት ፍርፋሪ የሚጨመቀው ሳንቃ፣ በዕቃ ማጠቢያው ውኃ አብጦ የአንደኛው በር ማጠፊያ ተነቀለ። ወንድሜ «ለዚች ለዚች» አለና ረጅም ብሎን ከተተበት። እሱም ሲላቀቅ በሽቦ አሰረው። «አሁን ይይዛል» አላት እማዬን።

አልያዘም። አንድ ቀን ጠዋት ሽቦው ተፈትቶ በሩ በራሱ ጊዜ ወጣ ብሎ ቆመ። የእማዬ ዓይን ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው። የሰውና የዕቃ ጥላ ይታያታል እንጂ ከዚያ ያለፈ አይለይላትም። በዚያ ኩሽና ውስጥ በእጇ እየዳበሰች፣ ርምጃዋን እየቆጠረች ነው የምትሠራው። በሩ ከቦታው ወጥቶ መቆሙን በምን ታውቅ? ተሰናክላ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰነጠቀና ለአራት ሳምንት ጄሶ ገባች።

በሳምንቱ ሦስታችንም ልጆቿ ሳሎን ተሰበሰብን። እትዬ፣ ታላቃችን፣ ቆርጣ ነበር የመጣችው።

«እማዬ ከዚህ ቤት ትወጣለች» አለች። «እኔ ጋ ክፍል አዘጋጅቻለሁ። መጋረጃውን ሁሉ ሰቅያለሁ።»

«እኔ ከቤቴ የትም አልሄድም» አለች እማዬ። «አንቺ ጋ ብገባ ውኃ እንኳ ቅጂልኝ እያልኩ ልኖር ነው። እዚህ የት ምን እንዳለ እጄ ያውቀዋል።»

«እጅሽማ ይኸው ተሰበረ!» አለች እትዬ። ተናግራው ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክፋት የላትም፤ እማዬ መሬት ላይ ወድቃ መጀመሪያ የደረሰችላት እሷ ነበረች።

ወንድሜ እስከዚያ ድረስ ወለሉን ነበር የሚያየው። ቀና ብሎ «በሮቹን እኔ እሠራቸዋለሁ» አለ። «ሁለቱንም። እንደ አዲስ።»

«የጣላት የማን በር ሆነና?» አለች እትዬ።

ስለ ወንድሜ ሳወራ ቀልድ አጥቼ የማላውቀው እኔ እንኳ አጣሁ። ፊቱ አመድ መሰለ። ይሄኔ ይነሳል፣ ጥሎ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«የኔ በር ነው የጣላት» አለ። «ለዚያ ነው እኔ የምሠራው።»

እማዬ በደህናው እጇ የወንበሩን መደገፊያ ጠበጠበች። «ልጄ ይሥራው» አለች።

እትዬ ብዙ ተከራከረች፤ በመጨረሻ የራሷን ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ተስማማች። ጄሶው በሚፈታበት ቀን እውነተኛ አናጺ ይዛ ትመጣለች። አናጺው አይቶ «ይህ ኩሽና ለዓይነ ደካማ ሰው አያሰጋም» ካለ እማዬ በቤቷ ትቀመጣለች። ካላለ በዚያው ቀን ልብሷ ይጠቀለላል። ሦስት ሳምንት ቀርቶን ነበር።

እኔ እማዬን ለመርዳት ጓዜን ጠቅልዬ እሷ ጋ ገብቼ ስለነበር የነዚያን ሦስት ሳምንታት እያንዳንዷን ቀን አይቻለሁ። ክቡር ባለሙያ በማግስቱ ከሥራ መልስ ኮምፔንሳቶ ጭነው መጡ። ከሥሩ መጋዝ፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አዲስ የነሐስ ማጠፊያዎች ነበሩ። መጀመሪያ ግን ልኬት። ሜትሩን አንድ ጫፍ እኔ ይዤ የካቢኔቱን አፍ ዘጠኝ ጊዜ ለካን። እንደ መድኃኒት መጠን በማስታወሻ ደብተር ጻፈው፤ በጠዋት ይህን ያህል፣ ከምሳ በኋላ ይህን ያህል። «እንጨት እኮ ይተነፍሳል» አለኝ። «ካቢኔቱ ቺፑድ ነው፣ ትንፋሹ ካቆመ ቆይቷል» ብዬ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ሁለቱን በሮች እርስ በርስ በማጠፊያ ያያይዛቸዋል። ከካቢኔቱ ጋር የምትያያዘው የቀኟ ብቻ ናት። እማዬ አንዷን ስትስብ ሁለቱም ተያይዘው ይወጡና እንደ መጽሐፍ ይታጠፋሉ፤ የጥጉ ሆድ እስከ ውስጥ ድረስ ይከፈታል። ለብቻዋ ወጣ ብላ ሰው የምትጠልፍ በር አትኖርም።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሮቹ ደረሱ። ቆንጆ ነበሩ፤ የእንጨቱ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ማጠፊያዎቹን አሰርን፣ በሩን አቆምን፣ ወንድሜ በጉልበቱ ገፋ አደረጋቸው። እሺ አሉና ጭጭ ብለው ተዘጉ። በመካከላቸው ክር አያሳልፍም። ክቡርነታቸው ወደ ኋላ ራቅ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሥራቸውን አዩ። እማዬ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እስቲ አሁን ክፈተው» አለች።

መክፈት የሚባል ነገር አልነበረም። የካቢኔቱን አፍ ዘጠኝ ጊዜ የለካ ሰው በሮቹን ልክ በዚያው መጠን ቆርጧቸው ነበር። ለመላወሻ የተተወች አንዲት ሚሊሜትር የለችም። በሮቹ ገብተው ተቀርቅረዋል።

«በእጀታው ሳበው እንጂ» አልኩ።

«እጀታ ገና አልገጠምኩም።»

«ታዲያ ግጠማ!»

የተዘጋውን በር ትኩር ብሎ አየ። ይህን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ ጣሪያ ላይ ሆነን መሰላሉ የወደቀ ጊዜም መሬቱን እንዲሁ ነበር ያየው። እማዬ እንዳትሰናከል ብሎ፣ ለእሷ ተጠንቅቆ፣ የዕቃ ቦርሳውን ባዶው ካቢኔት ውስጥ አስቀምጦት ነበር። እጀታዎቹ ከውስጥ ናቸው። ካቻቪቴውም፣ መሰርሰሪያውም፣ መዶሻውም ከውስጥ ናቸው። በእጁ የቀረችው ጆሮው ላይ የሰካት እርሳስ ብቻ ነበረች።

ቢላ አስገባን፤ ጫፉ ተሰበረ። ወንድሜ የፕላስተር ጥቅል አውጥቶ እንደ እጀታ ለጠፈና ሳበ፤ ፕላስተሩ ተላጦ በጀርባው ወደቀ። በመጨረሻ የጎኑን መሳቢያ ሙሉ ለሙሉ አወጣንና እኔ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ፣ በመሳቢያው ባዶ ቦታ ክንዴን እስከ ትከሻዬ ከትቼ፣ በማማሰያ እንጨት በሮቹን ከውስጥ መግፋት ጀመርኩ። «በርቺ! ትንሽ ወደ ግራ!» ይላል ወንድሜ፤ በሩ ፊት ተንበርክኮ። በሮቹ በርገድ ሲሉ ግንባሩን አገኙት። እማዬ ጄሶዋን አቅፋ በሳቅ ፈረሰች፤ ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ሸሚዜን እያራገፍኩ ተነስቼ «በቃ» አልኩት። «ነገ አናጺ እጠራለሁ። ሁለት ሳምንት ነው የቀረን። አንተ እልህህን ልታወጣ እማዬ ከቤቷ ልትወጣ ነው።»

ግንባሩ ላይ ያበጠውን በመዳፉ ያዘ። «አሁን ይይዛል ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እያወቅኩ። አይ፣ ይይዛል አይይዝም ሳላውቅ። ታውቂያለሽ፣ እኔ መድኃኒት ሳላውቅ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ለእናቴ ግን በር ሳላውቅ ሰጠኋት።» ሽቅብ አየኝ። «አናጺ ቢሠራው እሷ ትድናለች። እኔ ግን በዚች ኩሽና ባለፍኩ ቁጥር ሽቦውን ነው የማየው። አንድ ሳምንት ስጪኝ። ካልሆነ አናጺውን ራሴ እጠራልሻለሁ።»

ከአንደበቱ «አናጺውን ራሴ እጠራለሁ» የሚል ቃል ሲወጣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ሳምንት ሰጠሁት።

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት ከገበያ ስመለስ ከኩሽናው የድስት ኳኳታ ሰማሁ። ገብቼ ሳይ ክቡር ወንድሜ የእማዬን አበባማ ሻርፕ ዓይናቸው ላይ ጥምጥም አድርገው አስረው፣ አንድ እጃቸውን ዘርግተው ይንቀሳቀሳሉ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ዝም በይ፣ ትልቁን ድስት እየፈለግኩ ነው።»

እማዬ ከበሩ አጠገብ ሆና «ወደ ቀኝህ ሁለት ርምጃ፤ እንዲያ አትሮጥ፣ ጠርዙን ያዝ፣ ጠርዙን!» እያለች ትመራዋለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድስት አወጣ፣ ድስት መለሰ፣ ውኃ ቀዳ፣ ሽንኩርት ፈለገ። ቅልጥሙ በሦስት ቦታ ጠቆረ። ሻርፑን ሲፈታው ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ከጨርቁ ይሁን ከሌላ ነገር አልጠየቅኩትም።

«እጀታ አይገባም» አለ ወዲያው ደብተሩን እያወጣ። «የሌሎቹ ካቢኔቶች እጀታ የሹራቤን እጅጌ ሁለቴ ያዘኝ። እጇም ጠርዙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ እጀታው መንገዷ ላይ ይቆማል። ከበሩ ላይኛ ጠርዝ ለጣት የሚሆን እፈለፍልላታለሁ። ጠርዙ ሁሉ ክብ ይሆናል። ደግሞ በር ግማሽ ተከፍቶ መቆም የለበትም። ወይ ሙሉ ለሙሉ ክፍት፣ ወይ ሙሉ ለሙሉ ዝግ። መሃል ላይ የሚባል ነገር የለም።»

ለዚህም መላ አገኘለት። በሩን የሚመልስ ስፕሪንግ ያላቸው ማጠፊያዎች ፈልጎ አመጣ፤ ከተለቀቀ በራሱ ይዘጋል። እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲታጠፍ ግን የጎኑ ካቢኔት ላይ ያለች ማግኔት ጠቅ አድርጋ ትይዘዋለች፤ እማዬ በሁለት እጇ ድስት ስታወጣ በሩ አይመታትም። ይህን ከየትም አልገለበጠውም። አናጺ ያላሰበው ነገር ነው ብሎ አልተኩራራም፤ በዚያ ሰሞን መኩራራቱን ረስቶት ነበር።

ሥራው ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ሁለተኛዎቹ በሮች መላወሻ ተትቶላቸው በጥሩ ሁኔታ ተቆረጡና ኮላው ሳይደርቅ ስለላጋቸው ተጣመሙ። ወደ ግቢ አውጥቶ ግድግዳ አስደገፋቸውና አዲስ ኮምፔንሳቶ ሊያመጣ ሄደ። የሰጠሁት ሳምንት አልቆ ነበር፤ እኔም አናጺውን አላነሳሁበትም። ለሦስተኛዎቹ ከመድኃኒት ቤቱ የሳምንት ፈቃድ ወሰደ። ጠዋት ይመጣል፣ ሳይቀመጥ ይጀምራል። ምሳ ብላ ስለው በቆመበት ይጎርሳል። «አንዴ ያዢልኝማ» እያለ መጥራቱን እንኳ ትቶ፣ ሁለት ሞርሳ ገዝቶ ሳንቃውን በሱ ያስይዝ ጀመር። ይህ ነገር ለምን እንዳስከፋኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በሦስተኛው ቀን ሳይጠራኝ ሄጄ ያዝኩለት።

በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱን ሦስታችንም ተካፈልነው። ጥራት ተቆጣጣሪዋ እማዬ ነበረች። በሩን ጭኗ ላይ አጋድመንላት በግራ መዳፏ ከጫፍ ጫፍ ትዳስሰዋለች። እኛ መስተዋት ሆኗል ያልነውን «እዚህ ጋ ገና ነው፣ ይቧጭራል» ብላ ትመልሰዋለች። አንዷን ጠርዝ አምስት ጊዜ አስደገመችን። ፋርማሲስቱ ልጇ አምስቱንም ጊዜ «እሺ እማዬ» ብሎ ተቀበለ። እኔ በሁለተኛው ነበር የተነጫነጭኩት።

ከሁሉም ያስቸገረን የካቢኔቱ ጎን ነው። ማጠፊያው የሚታሰርበት ቺፑድ በድሮው ማጠፊያና በዚያ በረጅሙ ብሎን ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል። ወንድሜ ቀዳዳዎቹን አሰፋቸውና ከጠንካራ እንጨት ኩላብ የሚባሉ ትንንሽ ችካሎች ጠርቦ በኮላ ደፈናቸው። ብሎኖቹም ቺፑዱን ሳይሆን ኩላቦቹን እንዲነክሱ አደረገ። በሮቹ ሲሰቀሉ የግራዋ በር ጫፍ ሦስት ሚሊሜትር ዝቅ አለች። ሦስት ሚሊሜትር! ክቡርነታቸው በውኃ ልክ አዩት፣ በሜትር አዩት፣ ተንበርክከው በአንድ ዓይናቸው አዩት። ብሎኑን ወደ ላይ ማዛወር ይችል ነበር። ያን ጊዜ ግን ብሎኑ ከኩላቡ መሃል ይወጣና ጠርዙን ይነክሳል፤ ቀጥ ያለ፣ ግን ከዓመት በኋላ የሚላላ በር ይሆናል።

ግማሽ ቀን በሩ ፊት ቁጭ አለ። በመጨረሻ ካቻቪቴውን ቦርሳው ውስጥ ከተተና «ይዝመም፤ ግን ይያዝ» አለ። ለዚህ ሰው ይህን ማለት ጥርስ እንደማስነቀል ነው።

ጄሶው የተፈታው ሐሙስ ቀን ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ እትዬ አናጺውን ይዛ ደጅ ላይ ጠበቀችን። እድሜያቸው የገፋ፣ ንግግራቸው የተቆጠበ ሰው ነበሩ። ከመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ባዶ ሻንጣ ተቀምጦ አየሁ። ወንድሜም አይቶታል። ሁላችንም ተከታትለን ኩሽና ገባን።

አናጺው በሮቹን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከመሃል ለቀቋቸው፤ በሮቹ ቀስ ብለው ተመልሰው ተዘጉ። እስከ ጥግ ሳቧቸው፤ ማግኔቷ ጠቅ አለች። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጠርዙን ተከተሉት። በሩን ይዘው ክብደታቸውን ጣሉበት። አልተነቃነቀም። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው «እስቲ እናቴ፣ እርስዎ ደግሞ ያሳዩኝ» አሏት።

እማዬ የዳነው እጇ ገና ገርጥቶ፣ ቀጥኖ ነበር። በግራዋ ጠርዙን ይዛ ሄደች፣ ጣቷ ፍልፍሉን አገኘው፣ ሳበች። በሮቹ ታጥፈው ጠቅ አሉ። ጎንበስ ብላ ትልቁን ድስት በሁለት እጇ አውጥታ ምድጃው ላይ አስቀመጠችና በጉልበቷ በሩን ነካ አደረገችው። ከኋላዋ ተዘጋ። አንዴም አልዳበሰችም፣ አንዴም አልቆመችም። እትዬ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር የምታያት።

«ይህ ኩሽና አያሰጋም» አሉ አናጺው። «እኔም ብሆን ማግኔቷን አላስባትም ነበር።» ቀጥለው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዩ። «የግራዋ ብቻ ትንሽ ዘምማለች። የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ ላቅናት።» ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ወንድሜ «ለዚች ለዚች ሰው ይጠራል እንዴ?» እንደሚል ስለማውቅ ጠበቅኩ። አላለውም። አንገቱን ደፍቶ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ራቀና «እርስዎ ያውቃሉ» አለ። እማዬ በቤቷ ትቅር እንጂ ሌላው ሁሉ ቢነቀል ግድ አልነበረውም።

«አይነካም!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔም ማን እንደጮኸ ለማየት ልዞር ምንም አልቀረኝም። በሩ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። «ብሎኑን ወደ ላይ ካዛወሩት ከኩላቡ መሃል ይወጣል» አልኩ። «ቺፑዱ ወንፊት ነው። ይላላል። አውቆ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ግማሽ ቀን አስቦበት ነው፤ ማንም እንዳይነካው!»

አናጺው የማጠፊያውን ሥር በጣታቸው መታ መታ አደረጉና ድምፁን ሰሙ። ካቻቪቴያቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ይሄን ያልነካ ነው ባለሙያ።»

ወንድሜ የተዘረጋ እጄን ያዘ። ያን ጊዜ እንደ ልጅ አንጀቴን በላው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሱ ስቄ፣ በሱ ጽፌ እንጀራዬን በልቻለሁ። ይህን ሰው እንዴት አድርጌ እንደምወደው ግን አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም፤ ዛሬ ጽፌዋለሁ።

ይህን ስንባባል እማዬ ድስቱ ውስጥ ጨምራ የጣደችው ውኃ መንጫጫት ጀመረ። እማዬ በማማሰያዋ የድስቱን ጠርዝ ቀጭ ቀጭ አደረገች።

«በሉ አሁን ሁላችሁም ከኩሽናዬ ውጡልኝ» አለች። «መላወሻ አሳጣችሁኝ እኮ። ሾርባው ሲደርስ እጠራችኋለሁ።»

ወጣን። እትዬ ዓይኗን እየጠረገች አናጺውን ልትሸኝ ወደ ደጅ ሄደች። ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ፤ እኔም አጠገቡ። ከውስጥ በሩ ተከፈተ፣ ጠቅ አለ፤ ቆይቶ ተዘጋ። ወዲያው ደግሞ ተከፈተ። ምንም የምታወጣው ድስት አልነበራትም።